ፍርፋሪው ኮሽ እንዲል፣ ዓሣው እንዳይደርቅ

ጥያቄ፦ «የዓሣ ፊሌቶ በኦቨን መጋገር እወዳለሁ። የዳቦ ፍርፋሪ፣ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፓርሜዛን አይብ ቀላቅዬ ከላይ አለብሰዋለሁ። በ180 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ አስገባዋለሁ። ግን ፍርፋሪው ገርጥቶና ረጥቦ ነው የሚወጣው። ትንሽ ልጨምርለት ብዬ ሳቆየው ደግሞ ዓሣው ይደርቃል፤ ትሪው ላይም ውሃ ይተኛል። የምገዛው በረዶ የሆነውን ዓሣ ነው። ከርሸም የሚል ጣፋጭ ሽፋን እንዲኖረው ምን ላድርግ?»

መልስ፦ የተጠቀሙባቸው ነገሮች ሁሉ ጥሩ ናቸው። ቅቤውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ፓርሜዛኑም ይቀጥሉ። መቀየር ያለበት ቅደም ተከተሉ ነው። ፍርፋሪውን ጥሬውን ዓሣው ላይ አያድርጉት። አስቀድመው መጥበሻ ላይ በቅቤ አምሰው፣ ቡኒ ሲል አቀዝቅዘው፣ ከዚያ ያልብሱት። ሌላ ምንም ነገር ባይቀይሩ እንኳ ይህችን ብቻ ያድርጉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓሣውና ፍርፋሪው የሚፈልጉት ጊዜ አይገናኝም። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፊሌቶ በደንብ በጋለ ኦቨን ውስጥ 10 ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። ጥሬ ፍርፋሪ ግን በዚያ ጊዜ አይቀላም፤ እርጥብ ዓሣ ላይ ተኝቶማ ጭራሽ። ውሃ የያዘ ነገር ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ኦቨኑ 180 ላይ ይሁን 220 ላይ፣ መጀመሪያ ውሃው ተንኖ ማለቅ አለበት። ዳቦ በደንብ የሚቀላውና ያ የምንወደው የተጠበሰ ጣዕም የሚመጣው ደግሞ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። እርስዎ ፍርፋሪው እስኪቀላ ሲጠብቁ ዓሣው ከስር ጊዜው አልፎበታል። ይህ የእጅ ጉዳይ አይደለም። ማንም ሰው በዚያ መንገድ ቢጋግረው ውጤቱ ያው ነው።

ዓሣ ቶሎ የሚበስል ሥጋ ነው። ጡንቻው አጫጭር ክሮች በንብርብር የተደረደሩበት ነው። ንብርብሮቹን የሚያያይዘው ስስ ሽፋን ከበሬ ሥጋው ጋር ሲነጻጸር በጣም ለስላሳ ስለሆነ በትንሽ ሙቀት ይሟሟል። የበሰለ ዓሣ በሹካ ሲነኩት ንብርብሩ የሚለያየው ለዚህ ነው። ሥጋው ከ40 ዲግሪ አለፍ ሲል መጥበቅ ይጀምራል። ከ60 ዲግሪ በላይ እየሄደ ሲመጣ ግን ክሮቹ ይኮማተሩና ውሃቸውን ይለቃሉ። ስብ የሌለው ነጭ ዓሣ ከ100 ግራሙ 80 ግራም ገደማው ውሃ ነው። ስለዚህ የሚለቀው ብዙ አለው። ትሪዎ ላይ የሚያዩት ውሃ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። ለስስ ፊሌቶ 25 ደቂቃ በጣም ብዙ ነው።

አሁን ወደ ፍርፋሪው እንግባ፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው።

ምን ዓይነት ፍርፋሪ እንደሚጠቀሙ አልጻፉልኝም። ዱቄት የመሰለው ደቃቅ ከሆነ ይተውት። ደቃቅ ፍርፋሪ እርጥበት ሲነካው ሊጥ ይሆናል። ፓንኮ የሚባለው የጃፓን ፍርፋሪ በጣም የተሻለ ነው። የሚሠራው ቅርፊት ከሌለው ዳቦ ነው፤ ቅንጣቶቹም ሰፋፊና ሸካራ ናቸው። በመካከላቸው ክፍተት ስላለ ከዓሣው የሚነሳው እንፋሎት ማምለጫ ያገኛል። ፓንኮ ካላገኙ ያደረ ነጭ ዳቦ በመፈቅፈቂያው ትልቁ ቀዳዳ ይፈቅፍቁ። ትሪ ላይ ሳሳ አድርገው ዘርግተው በ120 ዲግሪ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ያድርቁት። እዚህ ላይ እንዲቀላ አንፈልግም፤ ይድረቅ ብቻ። እኔ በግሌ ከጥሩ ዳቦ የተፈቀፈቀውን ከፓንኮም አስበልጣለሁ። የቅንጣቱ መጠን እኩል ስላልሆነ አንዱ ኮሽ ሲል ሌላው ትንሽ ይታኘካል፤ ጣዕሙም የዳቦ ጣዕም ነው።

እያንዳንዳቸው 150 ግራም አካባቢ ለሚሆኑ 4 ፊሌቶዎች 1 ኩባያ ፍርፋሪና 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወይም የወይራ ዘይት ይበቃል። ሰፊ መጥበሻ፣ መካከለኛ እሳት። ቅቤ ከሆነ መጀመሪያ ይቅለጥ፣ አረፋውም በረድ ይበል። ቅቤ ውስጥ 15 በመቶ አካባቢ ውሃ አለ። አረፋው ያ ውሃ እየተነነ መሆኑን ነው የሚነግርዎት። ሲረጋጋ ፍርፋሪውን ይጨምሩና ሳያቋርጡ ያማስሉ። ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ይፈጃል። ገበታ ላይ ማየት ከሚፈልጉት ቀለም ትንሽ ፈዘዝ እንዳለ ያውጡት፤ ኦቨን ውስጥ የቀረውን ይጨምራል። ወዲያውኑም ወደ ሰፊ ሳህን ይገልብጡት። መጥበሻው ላይ ከተዉት እሳቱ ጠፍቶም ማረሩን አያቆምም።

ቅባቱን አይሰስቱ። ሥራው ጣዕም መስጠት ብቻ አይደለም። ሙቀቱን ለእያንዳንዱ ቅንጣት እኩል ያዳርሳል፤ ቅንጣቱንም ስለሚሸፍነው ከስር የሚመጣው እርጥበት ቶሎ አይገባበትም። ደረቅ ፍርፋሪ በትኖ ከላይ ዘይት ጠብ ጠብ ማድረግ ይህን አያመጣም። ግማሹ ይቃጠላል፣ ግማሹ እንደ ነጣ ይቀራል።

ነጭ ሽንኩርቱስ? አንድ ፍሬ ይበቃል። ደቅቆ ተከትፎ፣ ፍርፋሪው ሊደርስ 1 ደቂቃ ሲቀረው ይግባ። ከመጀመሪያው ከገባ ይቃጠልና ይመራል፤ ያ መራራነት ደግሞ በምንም አይደበቅም። ፓርሜዛኑ የሚጨመረው ፍርፋሪው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ጋል ካለ መጥበሻ ጋር ከተገናኘ ይቀልጥና ሁሉንም አንድ ላይ ያጓጉለዋል። 30 ግራም አካባቢ፣ በደቃቁ ተፈቅፍቆ፣ ይበቃል። ፓርሜዛን ለዚህ ሥራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ እርጥበቱ ትንሽ ነው። በመቆየቱ ውስጥ የተፈጠረው ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ ያን አፍ የሚሞላ ጣዕም ይሰጠዋል። በዚህ ቦታ ሞዛሬላ ወይም ሌላ ለስላሳ አይብ አይጠቀሙ። ውሃ ይለቃል፣ ይለጠጣል፣ ኮሽታውን ይገድለዋል።

ጣዕሙ የበለጠ ጠለቅ እንዲል ከፈለጉ አንቾቪ ይሞክሩ። ይህች በጨው የታሸገች ትንሽ ዓሣ ናት። 2 ቁራጭ አንቾቪ ቅቤው ውስጥ በማንኪያ ሲጫኑት ይሟሟል። ፍርፋሪው ከዚያ በኋላ ይገባል። የበላው ሰው አንቾቪ መኖሩን አያውቅም፤ ማንኪያውን ግን አያስቀምጥም። ይህን ካደረጉ ፍርፋሪው ላይ ጨው አይጨምሩ። አይቡም አንቾቪውም ጨዋማ ናቸው።

ፓርስሊ ወይም እንስላል ከወደዱ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ ይከተፍ፣ ፍርፋሪው ሲቀዘቅዝ ይቀላቀል። ሎሚ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከመጋገር በፊት ጭማቂውን አይጠቀሙ። እርጥበት ነው፤ አሲዱም የዓሣውን ላይ ላዩን ያጠነክረዋል። ከቢጫው ልጣጭ ላይ በስሱ ፍቀው ፍርፋሪው ውስጥ ያስገቡ። መዓዛው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ነጩን ክፍል አይንኩት፤ ይመራል። ጭማቂው ገበታ ላይ ይምጣ፣ እያንዳንዱ ሰው ሊበላ ሲል ይጭመቅበት።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ዓሣውን ማድረቅ ነው። በእርስዎ ሁኔታ በተለይ፣ ምክንያቱም የሚገዙት በረዶ ነው።

በረዶ ሲሆን ዓሣው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሹል ቅንጣት ይለወጥና ሥጋውን ይወጋጋዋል። ሲቀልጥ ያ ውሃ በተወጋጋው በኩል ይፈሳል። ስለዚህ ቀልጦ ሳይጨርስ ከተጋገረ ውሃው የሚፈሰው ትሪው ላይ ነው። ማታ ፍሪጅ ውስጥ፣ ሰሃን ላይ አድርገው ያሳድሩት። በቫኪዩም ታሽጎ የመጣ ከሆነ ከማቅለጥዎ በፊት ፕላስቲኩን ይክፈቱት። ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት የሚራባ ነው፤ ከዓሣ ጋር የሚያያዘው ዓይነቱም በፍሪጅ ቅዝቃዜ ሊያድግ ይችላል። ይህ ቀልድ የለውም። ሌላም አንድ ነገር፣ የፓኬቱን ጽሑፍ ያንብቡ። ከዓሣ ሌላ ውሃና ፎስፌት ከተጻፈበት ዓሣው ውሃ እንዲይዝ ተደርጓል ማለት ነው። ያ ውሃ ኦቨን ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። «ዓሣ» ብቻ የሚል ካገኙ እሱን ይግዙ።

ከቀለጠ በኋላ ቀጫጭን አጥንቶች እንዳሉ በጣትዎ ዳሰስ አድርገው ካሉ በወረንጦ ይንቀሉ። በሁለቱም በኩል በሶፍት ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። ከዚያ ጨው ነስንሰው 15 ደቂቃ ይተውት። 600 ግራም ለሚሆን ዓሣ 1 የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ይበቃል። ጨው መጀመሪያ ላይ ውሃ ከሥጋው ይስባል፤ ጠብታዎቹን ላዩ ላይ ያያሉ። እንደገና በአዲስ ሶፍት ያድርቁት። ይህን ሁለተኛ ማድረቅ አይዝለሉት። ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው።

ዓሣው ስብ የሌለው ከሆነ፣ ለምሳሌ ኮድ ወይም ቲላፒያ፣ በጨው ፈንታ የጨው ውሃ ይሻላል። 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 50 ግራም ጨው አሟሙተው ዓሣውን ለ15 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ጨዉ ሥጋው ውሃውን አጥብቆ እንዲይዝ ይረዳዋል፤ ያ ሲበስል ከጎኑ የሚወጣው ነጭ አረፋ የመሰለ ፕሮቲንም ይቀንሳል። ከዚያ አውጥተው በደንብ ማድረቅ ነው። ተጨማሪ ጨው አያስፈልገውም። ሳልመን ስብ ስላለው ይህን ያህል እንክብካቤ አይፈልግም። ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ቢያልፍበትም ይቅር ይላል።

ፍርፋሪውን ዓሣው ላይ የሚይዘው ምንድን ነው? ማዮኔዝ። አብዛኛው ዘይት ስለሆነ እርጥበት ሳይጨምር ያጣብቃል፤ በፍርፋሪውና በዓሣው መካከልም ስስ የስብ መከላከያ ይሆናል። ለ4ቱም ፊሌቶ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማስታርድ ብትገባበት ጣዕሙ ይነቃል። በብሩሽ ወይም በማንኪያ ጀርባ፣ ላዩን ብቻ፣ በስሱ። ወፈር ካለ ኦቨን ውስጥ ቀልጦ ፍርፋሪውን ይዞት ይንሸራተታል። እርጎ በማዮኔዝ ፈንታ የሚያደርጉ አሉ። ለዚህ ምግብ አልመክርም፤ ውሃው ብዙ ነው።

ፍርፋሪውን ከላይ ብቻ ያድርጉ። ጎኑንና ስሩን ልሸፍን አይበሉ፤ ስሩ ያለው ፍርፋሪ ትሪው ላይ በሚሰበሰበው ፈሳሽ ይረጥባል እንጂ መቼም ኮሽ አይልም። ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። በእጅ ቀስ ብለው ጫን ያድርጉት፣ ግን አይጠፍጥፉት። ክፍተቱ ከጠፋ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል።

የጅራቱ ጫፍ ቀጭን ነው፤ ከመሃሉ በፊት ይበስላል። ፍርፋሪውን ከማድረግዎ በፊት ጫፉን ወደ ስር ይጠፉት። ሁሉም ቦታ ውፍረቱ ተመሳሳይ ይሆናል።

ኦቨኑን ወደ 220 ዲግሪ ከፍ ያድርጉት፤ ፋን ካለው 200 ይበቃል። ዓሣው የሚገባው በደንብ ከጋለ በኋላ ነው። ዝቅተኛ ሙቀት ዓሣውን የሚያድነው ይመስላል፤ ለዚህ ምግብ ግን አይሠራም። እርጥበቱ ቀስ እያለ ይወጣና ፍርፋሪውን ከስር ይቀቅለዋል። ከኦቨኑ ከመሃል ትንሽ ከፍ ያለውን ቦታ ይምረጡ። ትሪው ብረት ይሁን። ብርጭቆና ሸክላ ቶሎ አይሞቁም፤ ከፍ ያለ ጠርዝ ካላቸው ደግሞ እንፋሎቱን አፍነው ይይዙታል። ፊሌቶዎቹ በመካከላቸው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቁ። ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት ያንጥፉ። የሎሚ ወይም የሽንኩርት ቁራጭ ከስር አይደርድሩ። ሲታይ ያምራል፣ ግን የሚሠራው ሥራ ዓሣውን በእንፋሎት መቀቀል ነው። በፎይል መሸፈንም እንደዚያው።

ኦቨንዎ የጋዝ ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ። ጋዝ ሲነድ የውሃ ተን ይፈጥራል፤ ስለዚህ የጋዝ ኦቨን ውስጡ ከኤሌክትሪኩ የበለጠ እርጥብ ነው። ፍርፋሪውን መጥበሻ ላይ ትንሽ ጠለቅ አድርጎ ማመስ ይህን ያካክሰዋል።

ሰዓቱን በውፍረት ይለኩ፣ በክብደት አይደለም። ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ከ10 እስከ 12 ደቂቃ። ለ1.5 ሳንቲ ሜትር ከ6 እስከ 8። ከዚህ ቁጥር 2 ደቂቃ ቀድመው ማየት ይጀምሩ። ቴርሞሜትር ካለዎት ከጎን በኩል ወፍራሙ ቦታ ላይ ይውጉት። የአሜሪካ የምግብ ደህንነት መመሪያ ለዓሣ 63 ዲግሪ ይላል። 60 ላይ ቢያወጡት ውስጡ ያለው ሙቀት ትንሽ ይገፋዋል። ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ የሚበላው ከሆነ ግን 63 መድረሱን በዓይንዎ ሳያዩ አያውጡ። ቴርሞሜትር ከሌለ በቀጭን ቢላ ወፍራሙን ቦታ ከጎን ከፈት ያድርጉ። ሥጋው መስታወት መምሰሉን ትቶ ሙሉ በሙሉ ከነጣና ንብርብሩ በቀላሉ ከተለያየ ደርሷል። ቢላው ሲገባ የሚያግደው ነገር መኖር የለበትም።

ግሪሉን ከላይ ማብራት ያጓጓል። ፍርፋሪው አስቀድሞ ስለታመሰ አያስፈልግም፤ አይቡና ቅቤው በ1 ደቂቃ ውስጥ ከቡኒ ወደ ጥቁር ይሄዳሉ።

ከወጣ በኋላ 2 ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ይቅረብ። አይክደኑት። ድስት ውስጥ ደራርበው አያስቀምጡት። ሶስ ካለ ከጎኑ ወይም ከስሩ ይሁን። ፍርፋሪው ላይ የፈሰሰ ሶስ የሠሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል። እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ፍርፋሪውን ከ2 ቀን በፊት አምሰው፣ አይቡንና ፓርስሊውን ሳይጨምሩ፣ በሚገጠም ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይችላሉ። ዓሣውን ግን አልብሰው አያሳድሩት። ለብሶ ኦቨን እስኪገባ ድረስ 10 ደቂቃ ካለፈ ፍርፋሪው ከስር እርጥበት መጠጣት ይጀምራል።

ስንዴ የማይስማማው ሰው ካለ በዳቦው ፈንታ ግሉተን የሌለው ኮርንፍሌክስ ሻካራ አድርገው ይፍጩ። በቅቤ 2 ደቂቃ ብቻ ይታመስ፤ ቀድሞውንም የበሰለ ነው። ደቅቆ የተከተፈ ለውዝም ጥሩ ነው፤ እሱ ግን ቶሎ ስለሚያር እሳቱን ቀነስ ያድርጉ።

የተረፈ ካለ በ160 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል ያሙቁት። ማይክሮዌቭ ውስጥ ከገባ ኮሽታው አይመለስም። ከዚያ ይልቅ ፍርፋሪውን ጠረግ አድርገው ዓሣውን ፈርፍረው ከተቀቀለ ድንች ጋር በማጣበቅ በመጥበሻ መጥበስ ይሻላል።